ቅናሹ ከማን ኪስ ወጣ?

ክረምቱ ሊወጣ፣ ጳጉሜን ስትቃረብ፣ የአዳማ ዋና ጎዳና መልኩን ይለውጣል። በሌላ ዘመን መፈክር ይጻፍበት የነበረው ቀይ ጨርቅ ዛሬ በየመደብሩ ደጃፍ «ታላቅ ቅናሽ»፣ «እስከ 50 በመቶ»፣ «ዕድሉ እንዳያመልጥዎ» የሚል ጽሑፍ ተሸክሞ ይንጠለጠላል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነጌሌ አልፎ ሻሸመኔ ድረስ የሚወርድ መንገደኛም ይህንኑ ጥሪ በየከተማው ያነባል። የአዲስ ዓመት፣ የመስቀልና የኢሬቻ በዓላት በተከታታይ የሚመጡበት፣ ትምህርት ቤትም የሚከፈትበት ወቅት ስለሆነ፣ ሠርቶ አደሩ ቤተሰብ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ጨርቅ የሚሻው በዚህ ሰሞን ነው።

ከነዚህ መደብሮች በአንዱ ገብተን ቆመን ነበር። የአንሶላ፣ የመጋረጃና የልጆች ልብስ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ባለ ሁለት አንሶላ እሽግ ይዘው ዋጋ የተጻፈበትን ካርቶን ያገላብጣሉ። በላዩ ላይ አንድ ዋጋ ተጽፎ በቀይ ተሰርዟል፤ ከሥሩ ደግሞ ዝቅ ያለ ሌላ ዋጋ አለ። ወጣቱ ሻጭ ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ ይውሰዱት፣ በግማሽ ዋጋ እኮ ነው» አላቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው «የኔ ልጅ፣ የምን ዋጋ ግማሽ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ፈገግ አለ እንጂ መልስ አልነበረውም። እናታችን አንሶላውን ወደ ቦታው መለሱት።

ይህ አጭር ጥያቄ በብዙ የኢኮኖሚ ትምህርት የማይገኝ ቁም ነገር ይዟል። ዋጋ ሲቀንስ ቅናሹ ከአንድ ቦታ መውጣቱ የግድ ነው። ወይ ከነጋዴው ትርፍ፣ ወይ ከጨርቁ ከራሱ፣ ወይም ጨርቁን ከፈተለውና ከሰፋው ሠራተኛ ላብ ይወጣል። ወይም ደግሞ ከየትም አልወጣም፤ ወረቀት ላይ ብቻ ተጽፎ ተሰርዟል። ገዢው ኪሱን ከመክፈቱ በፊት ከነዚህ የትኛው እንደሆነ መለየት ይኖርበታል።

አስቀድመን ግን ጨርቅ ቅንጦት አለመሆኑን እናስምርበት። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ቀኑን ሲቆርጥ የሚውል፣ በባቱ የአበባ እርሻ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ በአዳማ ፀሐይ ድንጋይ የሚያራግፍ ሰው ላብ የሚመጥ ጥጥ ይሻል እንጂ ገላ ላይ የሚጣበቅና ሙቀት የሚያፍን ጨርቅ አይመቸውም። ለልጆቹ የደንብ ልብስ፣ ለአልጋው አንሶላ፣ አንዷን ክፍል ለሁለት ለሚከፍለው ቤተሰብ መጋረጃ፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሠራተኛ ቤት ውስጥ መጋረጃ ግድግዳ ነው። እንግዲህ የጨርቅ ዋጋ ጉዳይ የገበያ ወሬ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው።

የዋጋ ቅናሽ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከባድ የፖለቲካ ክብደት የነበረው ነገር ነው። በየካቲት 1966 የታክሲ ነጂዎች አድማና የሕዝቡ ቁጣ በበረታ ጊዜ የዘውዱ መንግሥት በመጀመሪያ የሸሸው ወደ ዋጋ ቅናሽ ነበር፤ የነዳጅን ዋጋ ዝቅ አደረገ። ቁጣው ግን በዚያ አልበረደም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ በወር እስከ 300 ብር በሚከራዩ ቤቶች ላይ ከ15 እስከ 50 በመቶ የኪራይ ቅናሽ አደረገ። ለአነስተኛ ተከራይ ይህን ያህል በአንድ ጀምበር የተገኘ እፎይታ ከዚያ በፊት አልታየም። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም በዚሁ አዋጅ መሠረት ተደራጁ። ከጥር 1967 የመውረስ እርምጃ በኋላ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት እጅ ሲገቡ የድሬዳዋ አቡጀዲ፣ የአቃቂ ጨርቅና የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በቀበሌ ሱቅ በተወሰነ ዋጋ ለነዋሪው ይደርስ ጀመር።

ይህን ታሪክ የምናነሳው ልናሞግሰው ብቻ አይደለም። የኅብረት ሱቁ ሰልፍ፣ የካርዱ ጣጣ፣ «ዕቃው አልቋል» የተባለው ጣቃ በጓሮ በር ወጥቶ ገበያ ላይ በእጥፍ ሲሸጥ የታየበት ቀን፣ ይህ ሁሉ በብዙ ቤት ይታወሳል። በአዳማ ባቡር ጣቢያ የሚያልፈው የድሬዳዋ ባቡርም የራሱን ገበያ ይዞ ይመጣ ነበር። የሱቁ ዋጋ ዝቅ ብሎ ዕቃው ሲጠፋ የኮንትሮባንድ ጨርቅ በወገብ ተጠምጥሞ፣ በመቀመጫ ሥር ተሸሽጎ፣ የአዋሽን ኬላ አልፎ ይደርሳል። የተቀነሰው የቤት ኪራይም ቢሆን ሌላ ትምህርት ትቶ አልፏል። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ሲቆም፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ስላልተገኘ የቀበሌ ቤቶች ጣሪያ አፈሰሰ፤ ግድግዳቸውም ዘመመ። ሶቪየት ኅብረትም ከ1947 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የችርቻሮ ዋጋ ደጋግማ ስትቀንስ ሕዝቡ በደስታ ተቀብሎት ነበር፤ ነገር ግን ምርቱ ከቅናሹ ጋር እኩል ባልሄደበት ቦታ ሁሉ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ዋጋውን በአዋጅ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ጣቃውን በአዋጅ መሸመን ግን አይቻልም።

የዛሬው የመደብር ቅናሽ ከዚህ የተለየ ዘር ያለው ነው። ትውልዱን ለማወቅ ወደ ፓሪስ መሻገር ግድ ይላል። አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ነጋዴ ከ1852 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦን ማርሼ የተባለውን መደብር ሲያስፋፋ ሁለት ነገሮችን አጠበቀ። አንደኛው፣ ያለ ክርክር የሚከፈል የተጻፈ ዋጋ ነው። ሁለተኛው፣ በትንሽ ትርፍ ብዙ ሸጦ ገንዘቡን በቶሎ ማሽከርከር ነው። የገና በዓል አልፎ ገዢ በሚጠፋበት በጥር ወር መደብሩ አንሶላ፣ ፎጣና የገበታ ልብስ በቅናሽ ያቀርብ ጀመር፤ ፈረንሳዮች «የነጭ ወር» ብለው የሚጠሩት ሽያጭ መነሻው ይህ እንደሆነ ይነገራል። ልብ እንበል፤ ቅናሹ የመጣው ከርኅራኄ አልነበረም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጨርቅ የታሰረ ካፒታል ነው። ከሦስት ወር በኋላ በሙሉ ትርፍ ከመሸጥ ዛሬ በትንሽ ትርፍ ሸጦ ሌላ መግዛት ይበልጣል። ነጋዴው በዚህ ስሌት ሲቀንስ ቅናሹ እውነተኛ ነው፤ ገዢውም ይጠቀማል። እንዲህ ያለውን ቅናሽ አንቃወምም።

የምንቃወመው ሌላውን ነው። እንበልና አንድ ነጋዴ አንሶላውን በ900 ብር ገዝቶ በ1,200 ብር ሲሸጥ ቆየ። በዓል ሲቃረብ 1,800 ብር ብሎ ይጽፍና ይሰርዘዋል፤ ከሥሩም «30 በመቶ ቅናሽ» ብሎ 1,260 ብር ያስቀምጣል። ገዢው 540 ብር የተረፈው መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢመጣ ግን 60 ብር ባልጨመረ ነበር። እዚህ ላይ የቀነሰው ምንድን ነው? የገዢው ንቃት ብቻ።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ለገዢው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፤ ስለ ዋጋ ቅናሽ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መግለጫ መስጠትንም ይከለክላል። ችግሩ «ከስንት ቀነሰ» የሚለውን ማን ይመሰክራል የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ ቅናሽ የሚያስታውቅ ነጋዴ ከዚያ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ መነሻ አድርጎ መጻፍ አለበት። ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን የእናታችንን ጥያቄ ሕግ አድርጎታል። እኛ ዘንድ ይህን የሚተካ ባይኖር እንኳ አንድ ደብተር ይበቃል። በሰፈሩ ያሉ ማኅበርተኞች ተከፋፍለው የአንሶላ፣ የዩኒፎርም ጨርቅና የብርድ ልብስ ዋጋ ከሐምሌ ጀምሮ በየሳምንቱ ቢመዘግቡ፣ ጳጉሜን ላይ የትኛው ቅናሽ እውነት፣ የትኛው ቀለም ብቻ እንደሆነ ለመለየት ምሁር አያሻም።

አሁን ወደ ረቂቁ ማታለያ እንምጣ፤ ቅናሹ ከጨርቁ ከራሱ የሚወጣበት ነው። በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባናል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

ጨርቅ በሜትር ይሸጣል፤ ሜትር ግን ርዝመቱን እንጂ ስፋቱን አይናገርም። አንድ የመጋረጃ ጨርቅ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት በሜትር 150 ብር ቢሸጥ፣ ሌላው አንድ ሜትር ከ50 ስፋት ኖሮት 220 ብር ቢባል፣ ዓይን ወደ ርካሹ ይሄዳል። ሲሰላ ግን የመጀመሪያው ካሬ ሜትሩ 167 ብር ገደማ፣ ሁለተኛው 147 ብር ገደማ ነው። ርካሹ ውዱ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጠባቡ ጨርቅ መሀሉ ላይ ይቀጠላል፤ የልብስ ሰፊውም ዋጋ ይጨምራል።

ቀጥሎ የክሩ ብዛት አለ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ መመልከት ነው። ድሩና ማጉ ተቀራርቦ ከተሸመነ ብርሃኑ በእኩል ይሰራጫል፤ ከሳሳ ወንፊት ይመስላል። አንዳንድ አቡጀዲ ሲዳሰስ ደንደን፣ ጠንከር ያለ ሆኖ ገዢውን ያኮራዋል። ይህ ግን የክር ጥንካሬ ላይሆን ይችላል፤ ክሩ ሲሸመን እንዳይበጠስ የሚቀባው የስታርች ሙጫ ነው። ጫፉን በሁለት እጅ ይዞ አጥብቆ ማሸት ያጋልጠዋል፤ ነጭ ዱቄት ከረገፈና ጨርቁ ከለሰለሰ የተከፈለው ለስታርች ነው። አንድ ጊዜ ሲታጠብ ሙጫው ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ቀሪው ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ነው።

ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር የሚለውም አለ። ከጨርቁ ጠርዝ አንዲት ክር መዝዞ፣ በወረንጦ ይዞ፣ ከልጆችና ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በክብሪት መለኮስ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ ይሸታል፣ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲበርድም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የተደባለቀው ሁለቱንም ያሳያል። ፖሊስተር መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለዩኒፎርም ሱሪ ከጥጥ ጋር ሲደባለቅ ይበረታል፣ አይጨማደድም። ነገር ግን በጥጥ ስም በጥጥ ዋጋ መሸጥ የለበትም፤ የአዳማን ሙቀት ለሚያድርበት ሕፃንም አንሶላ ሊሆን አይገባም። ቀለሙን ደግሞ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ በማሸት ማወቅ ይቻላል፤ የሚለቅ ከሆነ የሌላውንም ልብስ ይበክላል።

ሦስተኛው የቅናሽ ምንጭ ከሁሉ ይመራል፤ የሠራተኛው እጅ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008፣ የአዳማው ደግሞ በመስከረም 2011 ሲመረቁ ለብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች የመጀመሪያ ደመወዛቸው በር ተከፈተ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና በ2019 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት የሐዋሳው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ፣ እንደነበርና በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ውስጥ ዝቅተኛው እንደሆነ ተገለጸ። በምዕራብ አገር መደብር መስኮት ላይ «ግማሽ ዋጋ» ተብሎ የሚለጠፈው ወረቀት ሌላኛው ጫፉ እዚህ ድረስ ይደርሳል። አንዲት እኅታችን ቀኑን ሙሉ የምትሰፋውን ሸሚዝ በወር ደመወዟ መግዛት ካልቻለች፣ ቅናሹን የከፈለችው እርሷ ናት። የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ሲቋረጥም የመጀመሪያውን ምት የቀመሱት እነዚሁ ሠራተኞች ናቸው። የሥራ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም የደነገገው በከንቱ አይደለም። ስለ ልብስ ዋጋ የሚነጋገር የሠራተኛ ማኅበር ይህን አንቀጽ ሊረሳው አይገባም።

ከፋብሪካው ውጭም ሸማኔው አለ። በመስከረም ሰሞን ጥበብ የመሰለ ነገር በማሽን የታተመበት የውጭ ጨርቅ በእጅ ከተሠራው ባነሰ ዋጋ ገበያውን ያጥለቀልቃል። ዓይን ከሩቅ ሲያይ ልዩነቱን አይለይም፤ ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ግን ይለያል። የተሸመነው በሁለቱም ፊት ክር አለው፤ የታተመው በጀርባው ፈዞ ይታያል። የሸማኔው ቀናት በአንድ ቀን ማሽን ተገምተው «ውድ» ሲባሉ፣ ዋጋው ሳይሆን ላቡ ነው የሚናቀው።

በዚህ ሁሉ ላይ ነጋዴውን ብቻ ከስሰን እንዳናልፍ ፍትሕ ያስገድደናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ቀለም፣ ኬሚካል፣ የማሽን መለዋወጫ፣ የፖሊስተር ክር በዶላር ይገዛሉ። ትንሿን ሱቅ ተከራይቶ ሁለት ጣቃ ዘርግቶ የሚውለው ቸርቻሪ የዋጋውን ንረት አልፈጠረውም፤ እርሱም ከጅምላ ሻጩ የሚገዛ የዚያው ሰንሰለት እስረኛ ነው። በአንድ ወቅት የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ከተንዳሆ፣ ከአሚባራና ከመልካ ሰዲ ተጭኖ በአዳማ በኩል ወደ ፋብሪካ ሲያልፍ ክሩም ጨርቁም የአገር ውስጥ ነበር። የተንዳሆ የጥጥ መሬት ኋላ ለሸንኮራ አገዳ ተለወጠ። አገዳው ስኳር ይሰጣል፤ አንሶላ ግን አይሰጥም። ጥጡ ከመሬት ካልበቀለ የጨርቅ ዋጋ በወረቀት ላይ ብቻ እንደሚወርድ ማንም አይስተው። ይህ ክፍተት በተፈጠረ ቁጥር በሻሸመኔም በአዳማም ሰልባጁ በቦንዳ ይገባል፤ ያገለገለ ልብስ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ድሃው ልጁን ራቁቱን አያሳድርም።

እንግዲህ የነዋሪው ማኅበር ምን ያድርግ? የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥራ በአብዛኛው ስኳር፣ ዘይትና ጤፍ ሆኖ ቆይቷል፤ ጨርቅ ወደ መደርደሪያቸው እምብዛም አልደረሰም። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ በጋራ ለመግዛት የሚመቸው እርሱ ነው፤ አይበላሽም፣ አይነቅዝም፣ ፍላጎቱም አስቀድሞ ይታወቃል። በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ የሰፈሩ ልጆች የሚለብሱት አንድ ቀለም ነው። 30 ወላጆች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሜትር ከችርቻሮ ሱቅ ከመግዛት ይልቅ ገንዘባቸውን አዋጥተው ጣቃውን ከጅምላ ቢወስዱት፣ በመሀል ያለው ትርፍ ይቀራል፤ ከማንም ላብ ሳይሆን ከሰንሰለቱ ርዝመት የወጣ ቅናሽ ነው። ዕቁቡ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ከዙሩ አንዱን ለሐምሌ ጣቃ መመደብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በዚህ መንገድ የሚጓዙ ሁሉ አንድ ነገር እንዳይረሱ እናሳስባለን። ጣቃው ሲመጣ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሜትር ተቆርጦ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ እንደገና ይለካ። ጥጥ ከውኃ ሲወጣ ይሰበሰባልና ስንት ሳንቲ ሜትር እንደገባ ታውቆ ለሁሉም ልጅ በዚያው መጠን ተጨምሮ ይከፈል። መለኪያው ሜትርም ከመጀመሪያው በሁሉም ፊት ይፈተሽ፤ ብዙ ዘመን ያገለገለ የጨርቅ ሜትር ይለጠጣልና። የተረፈው ብጣሽ ለሰፊው ይቀመጥ፤ ጥቅምት ላይ የልጆቹ ጉልበት መቀደዱ አይቀርም።